አባቴ ጨጓራውን በጨረር ልታከም አዲስ አበባ እሄዳለሁ ይላል፤ የምታውቁ ንገሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው።

አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ አብዛኛውን በአሰብ መንገድ። ጨጓራው ከድሮም ያስቸግረዋል። ዘንድሮ ግን ባሰበት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ትራሱን ሆዱ ላይ አቅፎ ቁጭ ይላል። ቁራሽ እንጀራ ሲቀምስ ትንሽ ይለቀዋል፣ ከዚያ መልሶ ያቃጥለዋል።

ባለፈው ሰኞ ገበያ ውሎ ሲመለስ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። የድሮ የሥራ ባልደረባው ወንድም ደም ያስመልሰው ነበር። ጥቁር አንበሳ ሄዶ ጨጓራውን በጨረር ታከመና ደሙ ቀጥ አለለት ብለው ነገሩት። ከዚያ ወዲህ አባዬ ሌላ ወሬ የለውም። ግቢ ውስጥ የሚያደልባቸውን ሁለት በጎች ሸጦ ሊሄድ ተነስቷል። ከደሴ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሆዱ እንዴት እንደሚዘልቀው እንጃ።

ውሸት ነው እንዳልለው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ድሮ አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ የጨጓራ አልሰርን (ቁስለትን) በጨረር ያክሙ እንደነበር አነበብኩ። ዛሬም አለ ወይ? ለእሱ ዕድሜ ይሆናል? የምታውቁ አስረዱኝ፣ አላህ ይስጣችሁ።

ተጨማሪ፦ ክሩ፣ ማለትም ይህ ጥያቄና ከሥሩ ያለው ውይይት፣ 31 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ መጀመሪያውን ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል እዚሁ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ቁጥር 1 የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አብሽሪ ብሎ ጀመረ፣ ለአባቴም ዱዓ አደረገ። ስለ ጨረር ሰምቶ አያውቅም። እናቱን ያዳናት ተልባ ነው አለ። ተልባው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ቁጥር 2 ማር ይጨመርበት አለች። ሁለቱንም አመሰገንኩ። ተልባውን አባዬ ሁለት ዓመት ጠጥቶታል። ለጊዜው ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ አያልፍም።

ቁጥር 3 በቁጣ ነው የገባው። ጨረር ለካንሰር እንጂ ለጨጓራ ተሰጥቶ አያውቅም፣ ሕዝቡን የሚያሳስተው እንደኔ ያለ ያገኘውን ሁሉ የሚለጥፍ ሰው ነው አለ። ከፋኝ። ጠየቅኩ እንጂ መች አስተማርኩ?

ቁጥር 4 ላይ ግን ደሴ የሚሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ገቡ። ይህ ክር የቆመው በእሳቸው ነው። መጀመሪያ ቁጥር 3ን በትሕትና አረሙት። ሕክምናው ነበረ፣ ያነበብኩትም ልክ ነው አሉ። በ1937 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ፓልመር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ጀመሩት፣ እስከ 1965 ድረስም ሰጡት። የዘመኑ እምነት አሲድ ከሌለ አልሰር የለም የሚል ነበር። ከ1910 ጀምሮ ሐኪሞች ሲማሩት የኖረ አባባል ነው። ታዲያ አሲዱን በምን ያጥፉት? ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ያለው አሲድ ቀናሹ ኦሜፕራዞል አልተፈጠረም። በሽተኛው በየሰዓቱ ወተትና ክሬም ይጠጣል፣ አሲድ የሚያበርድ ዱቄት ይውጣል። ካልሆነለት ጨጓራው በቀዶ ሕክምና ይቆረጣል። በዚያ ዘመን ቢላዋ ሥር መግባት ቀላል አልነበረም።

ስለዚህ አሲድ የሚያመነጨውን የጨጓራ ክፍል በጨረር ማዳከም ብልህ መንገድ መሰላቸው። በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ፣ በድምሩ 15 ግሬይ አካባቢ ይሰጡ ነበር (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)። አሲዱም እውነት ቀነሰ። ብዙ ሰው ሕመሙ ተወው። ሐኪሙ ይህን ሳይደብቁ መናገራቸው ደስ አለኝ። እነዚያ ሐኪሞች ሞኞች አልነበሩም፣ በእጃቸው ባለው ነው የሠሩት አሉ። ለብዙዎቹ ግን የአሲዱ መቀነስ ጊዜያዊ ነበር።

ከዚያ ወደ አባዬ መጡ። ሌሊት የሚቀሰቅስና ሲበሉ የሚለቅ ሕመም ብዙ ጊዜ ከጨጓራ ወርዶ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለ ቁስለት ምልክት ነው አሉ። በእሱ ዕድሜ እንዲህ የባሰበት ሰው ግን በግምት አይታከምም። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጨጓራውን በካሜራ ማየት፣ ያስፈልገዋል።

ቁጥር 5 ያው ቁጥር 3 ነው። ድምፁ ቀንሷል። ታዲያ ከሠራ ለምን ተወ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም በውስጤ እሱኑ እያልኩ ነበር።

ቁጥር 6 ላይ ሐኪሙ መለሱ። ይህን መልስ ለአባዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። የቺካጎዎቹ በሽተኞች መዝገብ አልተጣለም። 3,719 ሰዎች እስከ 1997 ድረስ ተከታትለዋቸዋል፣ በአማካይ ለ25 ዓመት። ከእነሱ 1,859ኙ ጨረር የወሰዱ ናቸው፣ የቀሩት በመድኃኒትና በቀዶ ሕክምና የታከሙ። በጨጓራ ካንሰር የመሞት ዕድል ጨረር በወሰዱት ላይ ወደ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቆሽትና ሳንባ ላይም ካንሰር ጨመረ። ቆይቶ ደግሞ የልብ ሕመም ታየ፣ ጨረሩ ወደ ጨጓራ ሲያልፍ የልብን ጫፍ ይነካልና። ጉዳቱ በማግስቱ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ወዲያው በተዉት ነበር አሉ ሐኪሙ። የሚመጣው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፣ ሰውዬው ጨጓራው እንደዳነ ለልጆቹ ሲያወራ ከኖረ በኋላ።

አባዬ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ እሱ ያን ያህል እንደማይኖር፣ የሚፈልገው አንድ ሌሊት መተኛት ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ሐሳቡን ለክሩ ጻፍኩት። ሐኪሙም እንቅልፉን የሚመልስለት ጨረር የማይፈልግ፣ እዚሁ ደሴ የሚገኝ ሕክምና አለ ብለው መለሱ። ይህን እንደ ቁጥር 7 ቁጠሩት።

ቁጥር 8 ኮምቦልቻ ካምፓስ የሚማር የምህንድስና ተማሪ ነው። ግሬይ ምን እንደሆነ ላስረዳ አለ። አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠውን ከ15 ግሬይ ጋር ቢያወዳድር ልዩነቱ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ወጣለት። ሐኪሙ ስሌቱን ወደዱት፣ ግን ገደብ አበጁለት። የራጅ መጠን በመላ ሰውነት ተሰልቶ ነው የሚነገረው፣ የሕክምናው ጨረር ግን አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ነው፣ እኩል ለእኩል አይወዳደሩም አሉ። ከ9 እስከ 11 ያሉት መልሶች ራጅ ስለፈሩ ሰዎች ናቸው። አንዷ ለልጇ የታዘዘውን የደረት ራጅ ልትተወው እንደሆነ ጻፈች። ሌሎቹ ተሯሩጠው እንዳትተዪው አሏት። እባካችሁ፣ ይህን ክር አንብባችሁ የታዘዘላችሁን ራጅ እንዳትተዉ።

ቁጥር 12 የባዮሎጂ መምህር ነው። ጽሑፉ ደስታ በደስታ ነበር። የጨረሩን ዘመን ጨርሶ የዘጉት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው አለ። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1982 ፐርዝ ከተማ ውስጥ ከጨጓራ በሽተኞች ናሙና ጠምዛዛ ባክቴሪያ አሳደጉ። ዛሬ ሁላችንም ኤች ፓይሎሪ የምንላት ናት። አልሰርን የምታመጣው እሷ ናት ቢሉም፣ ሰው ሁሉ ጨጓራ በጭንቀትና በበርበሬ ይታመማል ብሎ ያምን ስለነበር የሰማቸው ጥቂት ነው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያዋን በብርጭቆ በጥብጦ ራሱ ጠጣት። በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። መምህሩ ማርሻልን አልሰር ያዘው ብሎ ነበር፣ ቁጥር 13 አረመው። የያዘው የጨጓራ ብግነት ነው፣ እስከ ቁስለት አልደረሰም። መምህሩ እርማቱን በደስታ ተቀበለ። ምነው ሁሉም እንዲህ ቢሆን።

ቁጥር 14 ኮምቦልቻ ያለች የመድኃኒት ባለሙያ ናት። አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። አባትሽን ጉልበቱን ወይ ወገቡን ያመዋል ወይ? ካመመው ምን ይውጣል?

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ራሴም አስቤው አላውቅም። አባዬ ለመግሪብ ሶላት ሲወጣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ካፖርቱን ፈተሽኩት። በውስጥ ኪሱ፣ ከመነጽሩ ማኅደር ሥር፣ በሶፍት የተጠቀለለ የክኒን እሽግ አገኘሁ። ዳይክሎፌናክ ይላል። አራት ክኒን ቀርቶታል። ጎኑ ላይ ሌላ ያለቀ ባዶ እሽግ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ስሙን ለባለሱቁ ለማሳየት ነው። ሲመለስ ጠየቅኩት። ለጉልበቱ ነው፣ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ጠዋት የሚውጠው በባዶ ሆዱ ነው። የጨጓራ መድኃኒት አይደለም ብሎ ለማንም ሐኪም ነግሮ አያውቅም።

ለክሩ ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። መድኃኒት ባለሙያዋ ወዲያው መለሰች። አልሰርን በዋናነት የሚያመጡት ሁለት ናቸው አለች፣ አንዷ ባክቴሪያዋ ናት፣ ሌላው እንደ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ያለው ማስታገሻ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ይብሳል። ዛሬውኑ ያቁም፣ ለጉልበቱ ምን እንደሚተካለት ሐኪም ይወስን አለች። ሐኪሙም ያንኑ ደገሙ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሰው ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድወስደው አስጠነቀቁኝ።

ከ16 እስከ 19 ክሩ ተበላሸ። አንዱ ያለ ማዘዣ ክኒን የሚሸጡትን ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አላቸው፣ መድኃኒት ባለሙያዋንም ጨምሮ። እሷም መለሰችለት። ማዘዣ ስትጠይቅ ስንቱ ሰድቧት ወደሚቀጥለው በር እንደሚሄድ ቆጠረችለት። ሌላው ድሃ ሰው ካርድ አውጥቶ ግማሽ ቀን ከሚሰለፍ ክኒን ገዝቶ ወደ ሥራው ቢሄድ አይፈረድበትም አለ። ሁሉም እውነት አለው። ስድቡ ግን አላስፈለገም፣ አባቴን የረዳችው እሷ ናትና።

ቁጥር 20 ድንገት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወርደው የሐረጎ መንገድ አነሳ፣ ጠመዝማዛው ራሱ ጨጓራ ይቀሰቅሳል ብሎ። ወደ በርበሬ የመለሰን ቁጥር 21 ነው። በርበሬና ቃሪያ ቁስለት ያለበትን ሰው ሊያቃጥሉት ይችላሉ፣ ቁስለቱን የሚፈጥሩት ግን እነሱ አይደሉም ተብሎ ተመለሰለት። ወተትም እንዲሁ ነው። ሲወርድ ያበርዳል፣ ቆይቶ ግን ጨጓራ ጨምሮ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ቁጥር 22 ጸበል አስጠምቂው አለችኝ፣ ሙስሊም መሆናችንን ሳታውቅ። ስነግራት ዱዓውም ጸበሉም ወደ አንድ ጌታ ነው አለች። ደሴ እንዲህ ናት። ሐኪሙ ጸሎቱ አይከልከል፣ መድኃኒቱ አይቋረጥ ብቻ አሉ።

ቁጥር 23 የተለጠፈው ሌሊት ነው። ጠዋት ነው ያየሁት።

ደሴ የምትኖር ሴት ናት። እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ እንደቆየች ጻፈች። እናቷ ደም ያስመልሳት ነበር። አዲስ አበባ ወሰዷት። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሩ ብቸኛው የጨረር ሕክምና የነበረበት ቦታ ነው፣ ወረፋውም ከባድ ነበር። ጠብቀው ጨረር ተሰጣት፣ ደሙም ቆመ። ለእናቷ የነገሯት የጨጓራ ቁስለት ነው ብለው ነው። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለዕድሩ ሁሉ ያንኑ አሉ። በሽታው ግን የጨጓራ ካንሰር ነበር። እናቷ ደሙ ቆሞላት ጥቂት ወራት ሰላም አግኝታ፣ ቁስለቷ እንደዳነ እያመነች አረፈች። አባትሽ የሰማው ታሪክ የእኛ ቤት ታሪክ እንዳይሆን ፈራሁ ብላ ነው የጨረሰችው።

ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 24 ላይ ሐኪሙ ሊሆን ይችላል አሉ። የሚደማ የጨጓራ ካንሰርን በጨረር ማስቆም ዛሬም የሚሠራ፣ ዋጋ ያለው ሕክምና ነው። ካንሰር ላለበት ሰው ደሙ መቆሙ ይበልጥበታል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ጉዳት የሚጨነቅበት ጊዜ አይደለም። ካንሰር ለሌለበት የአልሰር በሽተኛ ግን ያው ጨረር በጥቅም የማይካስ ጉዳት ነው። እንዲያውም ጨረር በብዛት ሲያርፍበት ጨጓራ ራሱ ይቆስላል። ያኔ ነው የገባኝ። የሰኞ ገበያውም ወሬ እውነት ነበር፣ የቺካጎውም ጽሑፍ እውነት ነበር፣ አባዬን ግን ሁለቱም አይመለከቱትም።

ቁጥር 25 ሴትዮዋን ወቀሳት። ከበሽተኛው መደበቅ ኃጢአት ነው፣ ሌላውንም ታሳስታላችሁ አላት። ቁጥር 26 ተነስቶ እናትህን ሳታጣ አትፍረድ አለው። እኔ ወቀሳውን አልወደድኩትም። ቤታችን ቢሆን እኛም እንደብቅ ነበር፣ ያን በሽታ በስሙ የሚጠራ ሰው በሰፈራችን የለም። ግን በመደበቃችን ቃሉ ከቤት ወጥቶ ሰኞ ገበያ ደርሶ የሌላ ሰው አባት በጎቹን ሊሸጥ ተነሳ። ይህንንም መካድ አልችልም። ለሴትዮዋ በግል ጻፍኩላት። ከቅያሜ ይልቅ ምስጋና ነው ያለኝ።

ቁጥር 27 እኔው ነኝ። ለአባዬ ባልደረባ ደወልኩ። ወንድሙ ካንሰር ነበረበት ወይ ብዬ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ከክፍሉ ሲወጣም ይሰማኛል። ያልኩት ልክ እንደሆነ ነገረኝ። ለአባዬ ሁሉን አልነገርኩትም፣ የሰው ምሥጢር ነው። የዚያ ሰው በሽታ ከእሱ በሽታ የተለየ መሆኑን ብቻ ነገርኩት። አየኝ፣ ገባው መሰለኝ። የጨረሩን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

ቁጥር 28 ኢንዶስኮፒም ጨረር አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይደለም። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው፣ በአፍ ይገባል። ቁጥር 29 የትንፋሽ ምርመራውስ አለ። የዚያ አንዱ ዓይነት እጅግ ጥቂት ጨረር ያለው ካርቦን ይጠቀማል፣ ሌላው ምንም የለበትም። እኛ ያደረግነው የሰገራውን ነው።

ውጤቱን ለጠየቃችሁ፦ ኢንዶስኮፒው ሐኪሙ እንደገመቱት ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስለት አሳየ። አጠራጣሪ ነገር አልታየም፣ ናሙናው ላይም ካንሰር አልተገኘም። የሰገራው ምርመራ ባክቴሪያዋ አለችበት አለ። ለ14 ቀን ኦሜፕራዞል፣ ባክቴሪያዋን ከሚገድሉት ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ታዘዘለት። ዳይክሎፌናኩን እኔው ወስጄ መድኃኒት ቤት መለስኩት። ለጉልበቱ ፓራሲታሞልና የሚቀባ ተሰጠው።

ቁጥር 30 ላይ አባዬ አፌ ምስማር ምስማር ይለኛል፣ ልተወው ነው ማለቱን ጻፍኩ። ቁጥር 31 መድኃኒት ባለሙያዋ ናት። የክላሪትሮማይሲኑ ጣዕም ነው፣ ሲጨርስ ይጠፋል፣ ከመሃል ካቆመ ግን ባክቴሪያዋ ትለማመደዋለች አለች። ኪኒኑ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይመርመር፣ ኦሜፕራዞሉንም ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ያቁም ብላለች።

ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ትናንትና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልማዴ ነቅቼ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። መብራቱ ጠፍቷል። ትራሱ ከራሱ ሥር ነው። አንዱን በግ ለምርመራው ሸጠነዋል፣ ሌላው ግቢ ውስጥ አለ።